ሰው ሳይሞት የተተከለው ድንኳን

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ጁባ ውስጥ አትላባራ በሚባለው ሰፈር ባለው ግቢያችን የለቅሶ ድንኳን ተተከለ። የሞተ ሰው ግን አልነበረም። ድንኳኑ የተተከለው በእኔ ጥፋት ነው። ዛሬ ሳስታውሰው ብቻዬን እስቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን የበር እጀታ ይዤ ነው የቆምኩት። ባሌ ከሞተ ወዲህ እጄም ሐሳቤም ዝግ ብሏል፤ በቀን አንድ ገጽ መሙላት ያቅተኛል። ስለዚህ ታገሡኝ፤ ከመነሻው ልጀምርላችሁ።

ስሜ ጽጌ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ በአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። ጁባ የመጣሁት ባሌን ታደለን ተከትዬ ነው። ከኮንቴይነር የተሠሩ ዘጠኝ ክፍሎች ያሉት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ከፈትን። ልጃችን ቤዛ ስንመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አሁን ከታንከር ሾፌሮች ጋር በጁባ አረብኛ ስትከራከር ለሰማት እዚሁ የተወለደች ትመስላለች።

ታደለ ሲበዛ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ሕመሙ የጀመረው በቁጣ ነው። ቁልፍ ጠፋ ብሎ ይጮሃል፤ ቁልፉ እጁ ላይ ነው። ቀጥሎ ዕቃ ከእጁ መውደቅ ጀመረ። ከዚያ ጣቶቹ ክራር የሚመታ ይመስል ብቻቸውን መንቀሳቀስ አመጡ፤ ትከሻው በድንገት ዘለል ይላል፤ ሲራመድ ግራና ቀኝ ይወላገዳል። ሰፈሩ ወዲያው ፈረደ፦ ታደለ መጠጥ ጀምሯል ተባለ። ባሌ በበዓል ቀን አንድ ብርጭቆ ካነሳ ብዙ ነበር። ቢሆንም እኔ ራሴ፣ ሚስቱ፣ ተኝቶ ሳለ አፉን አሽትቻለሁ። አንዴ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ጸበል ወሰድነው፣ መድኃኒት ሞከርን። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ዶክተር ቾልን አገኘን። የደቡብ ሱዳን ሰው ነው፤ ግን ጋምቤላ አድጎ ሕክምናም ኢትዮጵያ ውስጥ ስለተማረ አማርኛው ከእኔ አይተናነስም። የአንጎል ሴሎች ያለ ዕድሜያቸው ለምን እንደሚያረጁና እንደሚሞቱ በሚያጠና የምርምር ቡድን ውስጥ ይሠራል። ታደለን ቁጭ አድርጎ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው።

«አባትዎ እንዴት ነው የሞቱት?» አለው።

«ከበቅሎ ወድቆ» አለ ታደለ። ንግግሩ ያን ጊዜ ተኮላትፏል።

«ከመውደቃቸው በፊትስ አካሄዳቸው እንዴት ነበር?»

ታደለ ወደ እኔ ዞረ፣ ከዚያ ወደ መሬት። «እንደኔ» አለ። በትዳር ብዙ ዓመት ስንኖር ይህን አንድም ቀን አልነገረኝም። ቤተሰቡ ደብቆት፣ እሱም ደብቆት ኖሯል።

ደሙ ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሩ ቤታችን ድረስ መጣ። ሀንቲንግተን የሚባል በዘር የሚተላለፍ የአንጎል በሽታ ነው አለ። ያልገባኝ መሆኑን ሲያይ ከሶፋው ክንድ ላይ ዳንቴል አነሳ።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይህች አበባ ስንት ጊዜ ነው የምትደጋገመው?»

«በዚህኛው አሥራ ስድስት ጊዜ።»

«ቆጠራው ቢሳሳትና አርባ፣ አምሳ ጊዜ ቢደጋገምስ?»

«አይተኛም ዶክተር። ይጨማደዳል፣ ይጠቀለላል፣ ከሌላው ጋር ይያያዛል። መፍታት ነው።»

«እንግዲህ በሽታው እሱ ነው» አለ። «ሰውነታችን እንደ እርስዎ ጥለት እያየ ይሠራል። ጥለቱ ጂን ይባላል፤ የሚሠራው ነገር ፕሮቲን ነው። በአቶ ታደለ አንዱ ጥለት ላይ አንዲት ትንሽ ቃል ከልክ በላይ ተደጋግማለች። ፕሮቲኑ ይረዝማል፣ በደንብ አይታጠፍም፣ እየተጠቀለለ አንጎል ሴል ውስጥ ይጠራቀማል። እርስዎ ዳንቴሉን ፈተው ይሠሩታል፤ እኛ መፍታቱን ገና አላወቅንበትም። ምርምሩ የሚለፋው ለዚያ ነው።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የፈራሁትን ተናገረ። ማንም ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ጥለት ይወስዳል። ታደለ አንድ ደህና አንድ የተበላሸ ስላለው፣ ቤዛ ከሁለቱ አንዱን ወስዳለች። የትኛውን እንደወሰደች በመልክ አይታወቅም። ዕድሉ እኩል በእኩል ነው።

ታደለ የዶክተሩን እጅ ያዘ። «ለልጄ እንዳትነግሯት» አለ። ቃል ገባሁለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ቀበርኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። በቀብሩ አላለቀስኩም። ሰዎች «ጽጌ ጠንካራ ናት» አሉ። ጥንካሬ አልነበረም። ሬሳው ፊት ቆሜ የማየው የቤዛን ጣቶች ነበር። ለሟቹ የሚሆን እንባ አልተረፈኝም።

ቃሌ ብዙ አልቆየም፤ ምስጢሩን በደንብ የደበቅሁት መስሎኝ ነበር። ቤዛ የእንግዳ መዝገቡ ውስጥ የደበቅሁትን የሐኪም ወረቀት አገኘችው። ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ሚኪያስ የሚባል እጮኛ አላት፤ ሠርጉን እዚህ ጁባ ንያኩሮን በሚባለው ሰፈር ባለው አዳራሽ ልንደግስ አስበን ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ።

«ስንት ወር ሆነሽ ይህን ካወቅሽ?» አለችኝ።

«ላንቺ ብዬ ነው ልጄ።»

«ለእኔ ብለሽ ከእኔ ትደብቂያለሽ? ሳላውቅ አላገባም እማዬ። እሱንም ሳያውቅ አላስገባውም።»

ሄዳ ደም ሰጠች። ከዶክተር ቾል ጋር የምትሠራ ፖኒ የምትባል የባሪ ብሔረሰብ ተወላጅ የሆነች ነርስ አለች፤ ሥራዋ እንዲህ ያለ ምርመራ የሚያደርጉ ሰዎችን ማማከር ነው። ከእሷ ጋር ደጋግመው ተነጋገሩ። ከዚያ መጠበቅ መጣ። አንድ ቀን ቤዛ ብርጭቆ ጣለች። እኔ ስብርባሪውን ሳይሆን እጇን አየሁ፤ እሷም ማየቴን አየች።

«ሳሙና ነው!» ብላ ጮኸች። «እማዬ፣ እጄ ላይ ሳሙና ነበር! ሰው ብርጭቆ አይሰብርም እንዴ?»

ያን ቀን ማታ ሁለታችንም እራት አልበላንም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ዶክተር ቾል ነበር። ቤዛ የምትሠራው አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ በአንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ ነው፤ ኔትወርክ እምቢ ብሎት ሊያገኛት አልቻለም።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ እባክዎ ቤዛ እንድትደውልልኝ ይንገሩልኝ። ውጤቱ ደርሷል።»

«ምን ይላል?»

«በስልክ አንናገርም። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከሲስተር ፖኒ ጋር እንመጣለን። ቤዛ ቁርሷን በልታ ትጠብቀን። የምትቀርቡት ሰው አጠገባችሁ ቢኖርም ጥሩ ነው።»

አንባቢዎቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሰሙ ነበር? በማለዳ ይመጣሉ። አንድ ሆነው አይመጡም፣ ሁለት ሆነው ነው። በስልክ አይናገሩም። ትብላ ይላሉ። የቅርብ ሰው ይኑር ይላሉ። እኔ ባደግኩበት አገር እንዲህ ተደርጎ የሚመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርዶ። የእናቴን ሞት እንዲሁ ነው የተረዳሁት። በጎህ ሁለት ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ፣ ከኋላቸው ጎረቤቱ ሁሉ ነበር፣ ከዋዜማው ደግሞ አክስቴ ያለ ወትሮዋ «ብዪ፣ ጨርሺው» እያለች አጉርሳኛለች። ዶክተሩ፣ «ሲስተር ፖኒ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ አውሮፕላን ስለምትይዝ ነው በማለዳ የምንመጣው» ብሎኝ ነበር። ይህን ከጊዜ በኋላ ነው ያስታወስኩት። ያኔ ጆሮዬ ተደፍኗል።

«ዶክተር» አልኩት፣ «ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ። እኔ ቀስ አድርጌ እነግራታለሁ።»

«አልችልም። ውጤቱ የእሷ ነው። ለእርስዎ ቀድሜ ከነገርኩ ከእሷ ሰረቅሁ ማለት ነው።»

ይህንንም እንደ መርዶ ተረጎምኩት። ደህና ቢሆን ኖሮ ይደብቀኛል?

ለቤዛ አልነገርኳትም። ሁለት ቀን ሳታውቅ ትሳቅ ብዬ አሰብኩ። በማግሥቱ ለዶክተሩ «ተስማምታለች» ብዬ መልእክት ላክሁለት። ውሸቴን ነው።

ግን ብቻዬን መሸከም አልቻልኩም። አርብ ጠዋት አጥሩን ዞሬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። አስካለ ጎረቤቴ ናት፤ ምግብ ቤት አላት፣ የኢትዮጵያውያን ዕድራችንን የሴቶች ወገን የምትመራውም እሷ ናት። የታደለን ሕመም፣ የቤዛን ምርመራ፣ ቅዳሜ የሚመጡትን ሰዎች፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

አስካለ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «በማለዳ? ሁለት ሆነው?»

«ትብላ ብለዋል።»

«ትብላ አሉ?! በቃ።» ደረቷን ያዘች። «ለማንም ትንፍሽ አልልም፤ ማርያምን።»

ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰይድ ደወለልኝ። ሰይድ ኮር ዊሊያም በሚባለው ሰፈር መጋዘን ያለው የወሎ ሰው ነው፤ ከታደለ ጋር እንደ ወንድም ነበሩ፣ በመጨረሻ ዘመኑ ግን ተራርቀዋል። የዕድሩ ድንኳንና ወንበር የሚቀመጠው እሱ መጋዘን ነው።

«እህት ጽጌ፣ አላህ ያጽና…» አለና ደነገጠ። «ማለቴ፣ እንዴት ዋልሽ? ሙቀቱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ ሰይድ። ምነው?»

«ምንም፣ ምንም። ግቢሽ ስፋቱ ስንት በስንት ነበር? እንዲያው ለጨዋታ ነው።»

ያኔ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም። ማታ ለቤዛ የምትወደውን ሽሮ ሠራሁላት። አጠገቧ ተቀምጬ ደጋግሜ አጎረስኳት።

«እማዬ፣ ለፋሲካ ልታርጂኝ ነው እንዴ የምትቀልቢኝ?» ብላ ሳቀች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ቅዳሜ ያነቃኝ የመዶሻ ድምፅ ነው። ገና ፀሐይ አልወጣችም። በሩን ስከፍት ሰይድ ሁለት ሰዎች ይዞ የድንኳኑን ካስማ ይመታል። የፕላስቲክ ወንበሮች በኒሙ ዛፍ ሥር ተደርድረዋል። አስካለ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች አስከትላ ቆማለች፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በሁለት ትልልቅ ድስት ንፍሮ መጥቷል፤ እንፋሎቱ ይታየኛል።

«አስካለ! ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ አንቺ። ቀድሞ መዘጋጀት ይሻላል ብለን ነው። ደግሞ ለጥቂት ሰው ብቻ ነው የነገርኩት።»

ይህን እያለችኝ ቤዛ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች ብቅ አለች። ድንኳኑን አየች። ወንበሮቹን አየች። ብሩሹን አወጣችው።

«እማዬ፣ ማን ሞተ?»

የበሩን እጀታ ያዝኩ።

«ሚኪ ነው? ሚኪ ሞተ?»

«አይደለም! ሚኪያስ ደህና ነው!»

«ታዲያ ማን ነው? ቤተሰባችን እኔና አንቺ ብቻ ነን፣ ሁለታችንም ቆመናል።» ወደ ሴቶቹ ዞረች። ሁሉም እሷን እያዩ ነበር፤ ስትዞር ግን እንደ አንድ ሰው ወደ መሬት አቀረቀሩ። ቤዛ ቀስ ብላ ወደ እኔ ተመለሰች። «ወደ እኔ ነው የሚያዩት። ውጤቱ መጥቷል አይደል?»

«ልጄ…»

«መቼ ሰማሽ?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ!» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ለዕድሩ ነግረሽ ለእኔ ሳትነግሪኝ።»

በዚህ መካከል የመኪና ድምፅ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ዶክተር ቾል ወረደ፤ ረጅም ስለሆነ በድንኳኑ ጫፍ ሥር ጎንበስ ብሎ ነው ወደ ውስጥ ያየው። ሲስተር ፖኒ ከኋላው ፖስታ አቅፋለች። ዶክተሩ ቀረብ ብሎ ካስማ የያዘውን ሰይድን ጠየቀው።

«ሐዘን ነው?»

«አዎ ዶክተር» አለ ሰይድ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «ከባድ ሐዘን ነው።»

ዶክተሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ዝቅ አደረገ። ለፖኒ አንድ ነገር ነገራት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሁለቱም ተመልሰው መኪናው ውስጥ ገቡ። ሞተሩ ተነሳ።

ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ቤዛ በባዶ እግሯ ሮጠች። ከነጥርስ ብሩሿ መኪናው ፊት ቆማ ኮፈኑን በመዳፏ መታችው።

«የት ነው የሚሄዱት ዶክተር?»

ዶክተሩ መስኮቱን አወረደ። «ቤዛ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ውጤት አንናገርም፤ ደንባችን ነው። ሲስተር ፖኒ ዛሬ ወጥታ ከሦስት ሳምንት በኋላ ትመለሳለች። ያኔ እንመጣለን።»

«ሦስት ሳምንት!? ማንም አልሞተም! ድንኳኑ የእኔ ነው!»

ዶክተሩ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ከቤዛ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ድንኳኑ አየ። አስካለ ፈራ ተባ እያለች ወደ ፊት ወጣች።

«እኛማ እርስዎ ሊያረዱን ይመጣሉ ብለን ነው እንጂ…»

«እኔ? ላረዳ?»

«በማለዳ ነው የምንመጣው አላሉም?»

«ብያለሁ።»

«ሁለት ሆነን አላሉም? ቁርሷን ትብላ አላሉም? ሰው ይኑር አላሉም?»

ዶክተር ቾል በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «ወይ ጉድ!» አለ። «ወይ ጉድ! ጋምቤላ ሳድግ ስንቱን መርዶ አይቼ፣ እንዴት ይህን ረሳሁ!» ለፖኒ በጁባ አረብኛ ሲያስረዳት ዓይኗ ፈጠጠ፤ አፏን በፖስታው ሸፈነችና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቋን እየታገለች «ማሌሽ፣ ማማ፣ ማሌሽ» አለችኝ፤ ይቅርታ ማለቷ ነው።

ዶክተሩ ሁላችንም እንድንሰማው ጮክ ብሎ ተናገረ። «ለማንኛውም ሰው እንዲህ ነው የምናደርገው። ውጤቱ ጥሩም ይሁን መጥፎ በስልክ አይነገርም፣ ሁለት ሆነን ነው የምንሄደው፣ በባዶ ሆዷ እንዳትደነግጥ ነው ትብላ ያልኩት። አመጣጣችን ውጤቱን አይናገርም።»

ከሐሙስ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቅነቅ አለ። አልወረደም። ግን እንደገና እኩል በእኩል ሆንን፤ ያ ራሱ ለእኔ ብዙ ነበር።

«አብሬሽ ልግባ» አልኳት ቤዛን።

«አይሆንም። ቀድመሽ ያወቅሽው ይበቃል። እዚሁ ጠብቂኝ።» ሦስቱ እንግዳ ያልነበረበት አራተኛው ክፍል ገብተው በሩ ተዘጋ።

ድንኳኑ ሥር ተቀመጥኩ። አስካለ የጀመርኩትን ዳንቴል ከቤት አምጥታ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ኪሮሹን ያዝኩት እንጂ አንድ ቀለበት እንኳ አልሠራሁም። ሰይድ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ካስማ ሲመታበት የነበረው መዶሻ አሁንም እጁ ላይ ነው።

«ጽጌ፣ ታደለ የታመመው ይሄንኑ ነው?»

«አዎ።»

«መጠጥ አልነበረም?»

«አልነበረም ሰይድ።»

መዶሻውን በእጁ አገላበጠ። «አንድ ቀን መጋዘኔ መጣ» አለ በመጨረሻ። «እየተወላገደ። ደንበኞች ነበሩ። በሰው ፊት ‹ሂድና ሲለቅህ ና› አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«ሳቀ። ‹እሺ ሰይድ፣ ሲለቀኝ እመጣለሁ› አለኝ።» መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠው። «አልመጣም።»

እኔም አፉን ያሸተትኩ ነኝ። እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ።

ያኔ ነው ከአራተኛው ክፍል ጩኸት የተሰማው። አንድ ረጅም ጩኸት፤ የቤዛ ነው። ዳንቴሉ ከእጄ ወደቀ። አስካለ አንድ አፍታ እንኳ ሳትጠብቅ «ወየው ልጄን!» ብላ ደረቷን መታች፣ ሃያው ሴት ተከተላት፣ ግቢው በዋይታ ተሞላ። ተነሳሁ።

በሩ ተበርግዶ ቤዛ ወጣች። ፊቷ በእንባ ታጥቧል።

«ዝም በሉ!» ብላ ጮኸች። «ዝም በሉ እንጂ! ደህና ነኝ! የለብኝም!»

አስካለ እጇን ደረቷ ላይ እንዳነሳች ቀረች። «ታዲያ ለምን ትጮሂያለሽ አንቺ ልጅ?»

«ደስ ብሎኝ ነዋ!» ቤዛ ወደ እኔ መጣች። ከሐሙስ ጀምሮ የዋሸኋት እኔ ፊት ቆመች። «እማዬ፣ ደህናውን ነው የሰጠኝ። አባዬ ደህናውን ነው የሰጠኝ።»

ያቺን ቃል ስሰማ ታደለ ሞተብኝ። ሌላ አገላለጽ የለኝም። ስምንት ወር ሙሉ ተቀብሮ ሳለ ለእኔ ገና አልሞተም ነበር፤ ለልጄ የነበረኝ ፍርሃት መካከላችን ቆሞ ነበር። አሁን ፍርሃቱ ዘወር አለና ባሌን አየሁት፤ እጆቹ እየዘለሉ እንኳ የቤዛን ጫማ ክር ለማሰር ሲታገል። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እዬዬ ብዬ አለቀስኩ። ሴቶቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው። «ደህና ናት እኮ! ምን ሆንሽ?» ይሉኛል። ቤዛ ናት የገባት። አንገቴን አቅፋ «ተዉአት፣ ለአባዬ ነው» አለቻቸው።

ከዚያ እነዚያ ለልጄ ሊያለቅሱ የመጡ ሴቶች ለባሌ አለቀሱልኝ። ቤዛ እንባዋን ጠርጋ ወንበር ላይ ቆመች። «ሁላችሁም ስሙኝ» አለች። «አባቴ ሰካራም አልነበረም። በሽተኛ ነበር። እሱም አባቱም።» ሰይድ ቆቡን አውልቆ ተነሳ፤ አጎንብሶ ቆየ፣ ከዚያ በእጁ ድንኳኑን እያሳየ «ይሄ የታደለ ነው» አለ። «እስከ ማታ አይነሳም።»

አልተነሳም። ንፍሮውን በላን፤ ለለቅሶም ለደስታም የተቀቀለ ንፍሮ ያን ቀን ብቻ ነው የበላሁት። ዶክተር ቾል ሁለት ጊዜ አስጨምሯል። ሲስተር ፖኒ አውሮፕላኗ ሊያመልጣት ሲል ሰይድ በቦዳ፣ በሞተር ብስክሌት አፈናጦ አደረሳት። ቤዛ ለሚኪያስ ደውላ ገና «ሄሎ» ሳትል አስካለ ከጎኗ እልልታውን ስላቀለጠችው፣ ልጁ ዜናውን የሰማው ከእሷ ነው። አስካለ ምስጢር አይበረክትላትም፤ ወድጄላታለሁ።

ማታ እኔና ቤዛ ብቻችንን ስንቀር ይቅርታ ጠየቅኋት። ቶሎ ይቅር አላለችኝም። «እማዬ፣ መጥፎ ቢሆን ኖሮስ? ድንኳኑን አይቼ ነበር የምሰማው» አለችኝ። ልክ ናት። ይቅር ያለችኝ ከቀናት በኋላ ነው፤ እሱንም ብርጭቆ እያጠበች፣ ሳሙናውን እያሳየችኝ።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እናቶች፣ እኔ የተማርኩትን ልንገራችሁ። እኛ ክፉ ወሬ የምንደብቀው ከፍቅር የተነሳ ነው። የሞተን ሰው ዜና ሌሊቱን ደብቆ በማለዳ መንገር ርኅራኄ አለው፤ ለሟቹ የሚደረግ ነገር አልቀረምና። በሕይወት ስላለ ሰው ያለ ወሬ ግን የራሱ የሰውዬው ነው። የታደለ አባት ከበቅሎ ወደቀ ባይባል ኖሮ ታደለ ራሱን ሲያየው በሽታ መሆኑን ያውቅ ነበር። ታደለ ቢነግረኝ ኖሮ አፉን አላሸትም ነበር። ሰፈሩ ቢያውቅ ሰይድ ያንን ቃል አይናገርም ነበር።

ስለዚህ አገር ቤት ላለው የታደለ ወንድም ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ተቆጣ፤ «የቤተሰባችንን ስም አታጥፊ» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ከአንድ ወር በኋላ ሴት ልጁ ራሷ ደወለችልኝ። ጣቶቿ መንቀሳቀስ ጀምረዋል። እኛ ቤት የገባው ደስታ እሷ ቤት አልገባም፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆናል። ግን አሁን ሐኪም ታያለች፤ ሰካራም የሚላትም የለም። የታደለ ደምም በምርምሩ ውስጥ አለ። ሰዎች የተጠቀለለውን ክር መፍቻ ሲፈልጉ እሱንም ያያሉ። ያ ደስ ይለኛል።

ሠርጉ ጥቅምት ላይ ነው። ያን ዕለት ከእጄ የወደቀውን ዳንቴል ለሙሽሮቹ ጠረጴዛ ጨርሼዋለሁ፤ አበባዎቹን ሦስት ጊዜ ቆጥሬ።

ዶክተር ቾል ለምርምሩ አንዳንድ ነገር ሊጠይቀኝ አልፎ አልፎ ይደውላል። ስልኩን ሳነሳ ከሰላምታው በፊት የሚለው አንድ ነው፦

«ወይዘሮ ጽጌ፣ ድንኳን አይተከል!»

እስቃለሁ። ከዚያ «የፈለገው ይሁን ዶክተር፣ ቀጥ አድርገው ይንገሩኝ» እለዋለሁ።